ለባሌ ደጋ የሚሆን ጫማ፦ ሶሉን ሳይመረምሩ ገንዘብ አይክፈሉ

ጠያቂያችን፣ ከአደን ቡድን ጋር በረዳትነት ለሁለት ሳምንት ወደ ባሌ ደጋ እንደሚወጡ ገልጸው፣ ውሃ የማያስገባና ቶሎ የማያልቅ ጫማ ከሐዋሳ ገበያ ማግኘት ይቻል እንደሆነ መጠየቅዎን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከእኔ በፊት የመለሱት ወገኖች የማርካ ስም ደርድረዋል። እኔ ደግሞ በዚሁ ሥራ፣ በዚያው ደጋ፣ ስመ ጥር ማርካ አድርጌ የተዋረድኩ ሰው ስለሆንኩ ከማርካው በፊት መታየት ያለበትን ልንገርዎት። የአደን ፈቃዱንና የወረቀቱን ጉዳይ እንግዳውን አዳኝ የሚያመጣው ድርጅት ይጨርሰዋል፤ እግርዎን ግን ማንም አያስብልዎትም።

1. ልኩን ጠዋት አይሞክሩ። እግር ሲውልበት ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ፣ ተራራው ላይ የሚያደርጉትን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ለብሰው ይሞክሩት። ማሰሪያውን ሳያስሩ እግርዎን ወደ ፊት ሲገፉት ከተረከዝዎ ኋላ አንድ ጣት ሊገባ ይገባል። ዳገት እግርን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ቁልቁለት ነው፤ ጠባብ ጫማ ያደረገ ሰው ቁልቁለቱን ሲወርድ የአውራ ጣቱ ጥፍር ይጠቁራል፣ ውሎ አድሮም ሊወልቅ ይችላል። ሐዋሳ ላለ ሰው ታቦር ተራራ ለዚህ የተሰጠ መለኪያ ነው። አሥር ኪሎ ጤፍ በጀርባ ቦርሳ ይዘው ሳያርፉ ሦስት ጊዜ ይውጡ፣ ይውረዱ። ተረከዝዎ ውሃ ከቋጠረ ወይም ጣትዎ ከፊት ከተጋጨ ጫማው ያንተ አይደለሁም ብሎዎታል ማለት ነው። ጎረቤት ምን ይለኛል አይበሉ፤ እኔን «ወፍጮ ቤቱ ወደ ታቦር ተዛወረ ወይ?» ብለውኛል።

2. ባሌ ላይ ውሃ የሚመጣው ከላይ ብቻ አይደለም። ዝናብ ባይኖር እንኳ ጎህ ሳይቀድ ሲነሡ ጉልበት የሚደርሰው ሣር ጤዛ አዝሎ ይጠብቅዎታል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም ሱሪው ውሃውን እየመጠጠ ወደ ጫማው ያወርደዋል። ስለዚህ የጫማው ምላስ ከሁለቱም ጎን እስከ ላይ ድረስ ከአካሉ ጋር የተሰፋ መሆኑን ይመልከቱ፤ ምላሱ ልቅ ከሆነ ቆዳው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውሃው በማሰሪያው በኩል ይገባል። ጎርቴክስ የሚባለው ከቆዳው ውስጥ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ የላብን ተን ያስወጣል እንጂ የውሃ ጠብታ አያስገባም። ይህ ሽፋን ተረከዝና ጣት በሚታጠፍበት በኩል ሲቀደድ ከውጭ ስለማይታይ፣ ያገለገለ ጫማ የሚገዙ ከሆነ ውስጡን በደረቅ ጋዜጣ ሞልተው እስከ ምላሱ ስፌት ድረስ በውሃ ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያቁሙት። ጋዜጣው ከረጠበ ይመልሱለት። ሳፋውን ሲያይ ፊቱን የሚያጠቁር ነጋዴ አጋጥሞኛል፤ ከእሱ አልገዛሁም፤ የሚያሳዝነው ሳፋውን በደስታ ከፈቀደልኝ ሰው መግዛቴ ነው።

የላስቲክ ቦት ጫማን የሚንቁ አሉ። የአገሩ ፈረስ ሳቢዎች የሚያደርጉት እሱን ነው፣ ውሃም ጨርሶ አያስገባም። ሆኖም እግር በላብ ይቀቀልበታል፣ ቁርጭምጭሚትንም አይዝም፤ ፍልፈል የቦረቦረው መሬት ከእግርዎ በታች ሲደረመስ የሚይዝዎት ነገር የለም። እነሱ መሬቱን ስለሚያውቁት ይራመዱበታል፤ እኔና እርስዎ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ካለ የሐይቅ ዳር ከተማ ወጥተን ከ3,000 ሜትር በላይ የምንረግጥ ሰዎች ነን።

3. ሶል። ይህን በአጭሩ ልጽፈው ነበር፣ ነገር ግን ያለ ታሪኩ ሰው አያምነኝም።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ከአሮጌ ገበያ አንድ ሳልባጅ ጫማ በ3,200 ብር ገዛሁ። ቆዳው ወፍራምና ያልተሰነጠቀ ነበር፤ ከሥሩ ቪብራም የሚባለው ስመ ጥር የሶል አምራች ቢጫ ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት አለችበት፤ የሶሉ ጥርስ ምንም አልተበላም። የሳፋውንም ፈተና አለፈ። እንዲያውም ሻጩ ዋጋውን አላወቀም ብዬ በልቤ ሳቅሁበት። ያልተበላ ሶል ማለት ያልተረገጠ ጫማ ማለት እንደሆነ፣ ያልተረገጠ ጫማ ደግሞ ለዓመታት የሆነ ቦታ ተቀምጦ የኖረ ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም። ታቦርንም አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የወጣሁበት፤ ለእርስዎ ሦስት ጊዜ ያልኩት ስለዚህ ነው።

ጥቅምት ላይ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌና በዶዶላ አድርገን ወጣን። እንግዳው አሜሪካዊ ነበር፤ በአገሩ በኮሎራዶ ተራሮች ኤልክ የሚሉትን ግዙፍ የአጋዘን ወገን ሲያድን የኖረ፣ እዚህ ደግሞ የደጋ አጋዘን ፍለጋ የመጣ ሰው ነው። አጋዘኑ ገና ሳይነጋ ገላጣው ላይ ይግጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ወደ አስታው ቁጥቋጦ ይገባል፤ ስለዚህ በጨለማ ነው የሚኬደው። በሦስተኛው ቀን፣ የእሱን የሩቅ ማያ መነጽርና ማቆሚያውን ተሸክሜ ቁልቁለት ስንወርድ፣ የግራ ተረከዜ ጭቃ የረገጠ ያህል ለሰለሰብኝ። መሬቱ ግን ድንጋይ ነበር። ዞር ብዬ ባይ የመጣሁበት መንገድ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ተዘርቷል፤ በእጄ ባነሣው እንደ ሻገተ ዳቦ ተበተነ። ከአሥር እርምጃ በኋላ የግራው ሶል ከተረከዙ ተላቆ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። የቀኙም እስከ ቀትር አልቆየም። ያ ሁሉ ያልተበላ ጥርስና ቢጫ ምልክት እንዳለ በሙሉ ተነሣ!

ሁለቱንም በሲባጎ አሰርኳቸው። እንግዳው ሲያየኝ አልሳቀም፤ እዚያ አገርም ውድ ጫማቸውን ዓመታት አስቀምጠው በአደኑ የመጀመሪያ ጠዋት እንዲህ የሚሆኑ ሰዎች እንዳሉ ነገረኝ። በቆዳውና በታችኛው ጎማ መካከል ያለው ድንጋጤ መከላከያ ስፖንጅ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፖሊዩረቴን ከሚባል ነገር ነው። ይህ ነገር ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ፣ ሙቀትም እየረዳው፣ ከውስጥ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ በአብዛኛው ከተመረተ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበቱን ይጨርሳል። መልበስ አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ቆሞ የኖረው ቶሎ ይፈርሳል፣ የሚረገጠው እየተጨመቀ እርጥበቱን ያስወጣልና።

የካምፑ ኃላፊ ግን ይህን ሊሰማ አልፈለገም። «ጫማ የሌለው ሰው ተራራ ምን አወጣው?» ብሎ በሰው ፊት ተናገረኝና ሁለት ቀን ካምፕ አስቀምጦ ድስት አሳጠበኝ፤ የሁለቱንም ቀን አበል ቆረጠብኝ። ድስቱን አጥቤያለሁ፤ አበሉን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በስድስተኛው ቀን ሰው ሲያጥር በሲባጎ የታሰረውን ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ፤ ቀንዱ የተጠማዘዘውን ሽማግሌ ወንድ አጋዘን ከዋናው ዱካ ተከታይ ቀድሜ ያየሁትም እኔ ነኝ፤ ኃላፊው ይህንንም ለእንግዳው ሲያወራ ስሜን አላነሣም።

ሐዋሳ ስመለስ ሻጩ «ሳልባጅ ዋስትና የለውም፣ አይተው ነው የገዙት» አለኝ። እውነቱን ስለሆነ የበለጠ አናደደኝ። ጫማ ሰፊው ሁለት ጊዜ በማስቲሽ ለጠፈው፣ ሁለት ጊዜም ተላቀቀ፤ ማስቲሽ የሚይዘው ጠንካራ ነገር ሲኖር ነው። በመጨረሻ ስፖንጁን እስከ ቆዳው ድረስ ፍቆ አንድ ወጥ ጎማ ሰፋበትና 900 ብር ተቀበለኝ። አሁን ጓሮ ስቆፍር አደርገዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ግን ሰፊው አልዋሸኝም።

እንግዲህ እርስዎ ሲገዙ ከቆዳው በታች፣ ከጎማው በላይ ያለውን ያንን የስፖንጅ ቀለበት በአውራ ጣት ጥፍርዎ ጫን ያድርጉት። ተመልሶ ከተነሣ ደህና ነው፤ ጥፍሩ ሰርጉዶ ከቀረ፣ ወይም እንደ ደረቀ ጭቃ ስስ ስንጥቅ ካለበት፣ በነጻም ቢሰጡዎት አይውሰዱ። ጫማውን በሁለት እጅ አጥፈው ጆሮዎን ያስጠጉ፤ የሚፈረከስ ነገር ይሰማል። ከምላሱ ውስጥ በኩል ካለው ትንሽ ጨርቅ ላይ ብዙዎቹ የተመረቱበትን ወርና ዓመት ያትማሉ፤ የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። አዲስ ነው ተብሎ በሳጥን የሚሸጠውንም እንዲሁ ይመርምሩ፤ መደርደሪያ ላይ ስምንት ዓመት የቆየ ጫማ አዲስ አይባልም። ኢቪኤ የሚባለው ቀላል ስፖንጅ ቶሎ ይተኛል እንጂ እንዲህ አይበተንም። ገንዘብ ካጠረዎት ደግሞ ወጥ ጎማ የተሰፋበት ከስክስ ገዝተው ስፌቱን በቀለጠ ሰም ቢቀቡት፣ ውሃ ቀስ ብሎ ቢያስገባም ሶሉ ጥሎዎት አይሄድም።

4. ውስጡ ሙቀት ሰጪ ነገር የተሞላበትን ጫማ የሚመክርዎት ሰው ካለ ለማን እንደሆነ ይጠይቁት። እንግዳው እንደነገረኝ 400 ግራም የተባለው ሙሊት በረዶ ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቅ አዳኝ ነው፤ ተሸክሞ ለሚሄድ ረዳት ግን ላብ ነው፣ ላቡም ሲቆሙ ይቀዘቅዛል። ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ሙቀቱን ከሱፍ ካልሲ ያግኙት፤ ጥጥ አይሁን። በፈረስ የሚጓዙበት ቀን ካለም የሶሉን ስፋት ያስቡበት፤ የአገሩ እርካብ ጠባብ ነው፣ አንድ ባልደረባችን እግሩ ተቀርቅሮበት ፈረሱ አሥር ሜትር ያህል ጎትቶታል።

ማታ እሳት ዳር አያድርቁት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል። ሶሌታውን አውጥተው ጋዜጣ ይጠቅጥቁበት፣ ሲረጥብም ይለውጡት።

ከመክፈልዎ በፊት የምላሱን ውስጥና የሶሉን ጎን ፎቶ አንሥተው እዚሁ ይለጥፉልኝ። ማታ ማታ እገባለሁ፣ አይቼ እመልስልዎታለሁ።