ያኮረፍናት ልጅ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት የአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪ የመኝታ ቤቷ አለቃ መሆኗን ነግራኝ፣ «እማማ፣ አዲስ ገቢዎችን የምንፈትንበትን የቆየ ወግ ባስቀር ትምህርት ቤቴን መክዳት ይሆንብኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። የሰጠኋት መልስ አጭርና የማይረባ ስለነበር ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

እኔም ያደግሁት አዲስ አበባ፣ በሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እቴጌ መነን በ1920ዎቹ በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ትምህርት ቤት ካስከፈቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ፣ ከሩቅ አገር ለመጣች ልጅ የአልጋ ጎረቤቷ እናትም እህትም ነበረች። በእኛ ቤት ታላቂቱ የታናሺቱን ፀጉር ትሠራለች፤ ተመራቂዋም በመጨረሻው ማታ የታናሿን ሻማ ከራሷ ሻማ ታበራለች። ያ ማታ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ነገር ግን ኩርፊያም ነበረን። አዲስ ገቢ በመመገቢያው አዳራሽ ብቻዋን ቆማ የትምህርት ቤቱን መዝሙር ትዘምራለች፤ ከተሳሳተች ሦስት ቀን ማንም አያናግራትም። እኔ አለቃ በሆንሁበት ዓመት ከዘጌ፣ በጥንቱ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ከተከለከለበትና ሰው በቡና ከሚተዳደርበት አገር፣ አንዲት ልጅ መጣች። እናቷ ለሁላችንም የሚበቃ ቡና በጨርቅ ቋጥራ ልካልን ነበር። ልጅቷ ከሁለተኛው አንጓ ላይ ተደናቀፈች፤ ኩርፊያውን ያወጅሁት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ሌሊት አልጋዬ አጠገብ መጥታ «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ነቅቼ ነበር፤ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የተኛሁ መሰልሁ። ለፋሲካ ዕረፍት እንደሄደች አልተመለሰችም። ቡናውን ግን ማትሮናችን፣ የመኝታ ቤቱ ተቆጣጣሪ፣ አፍልታልን ጠጣነው።

ኋላ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ባሕር ዳር ስመደብ በጀልባ ወደ ዘጌ ስንት ጊዜ ተሻግሬአለሁ። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው የቡና ጥላ መንገድ ላይ ስንት እናቶች አግኝቼ፣ የልጅቷን ስም ጠርቼ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ልጄ፣ ኩርፊያውን ዛሬውኑ ተዪው። ወግ ሁሉ ይቅር ግን አልልሽም፤ የዛሬ ልጆች መዝሙሩን በስልክ ስትቀርጹ መዘመሩን ትረሱታላችሁ፣ ይህም ያሳዝነኛል። እኔ እስከ ዛሬ አንድ ቃል ሳላጎድል የምዘምረው ፈርቼ ስለተማርሁት ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። ቢሆንም አዲሷ ልጅ በመካከላችሁ ቆማ ትማረው፤ ከዚያ በፊት ግን ከየት እንደመጣች፣ እናቷም ምን ቋጥራ እንደላከች ጠይቂያት።