ከእንስሳ የተገኘ ሽቱ መቀባት ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባለቤቴ ዝባድ (ከጥርኝ የሚወጣ መዓዛማ ቅባት) የገባበት ሽቱ በስጦታ ሰጠኝ። አንዲት እኅት ግን «ጥርኝ የማይበላ እንስሳ ነው፤ ከእርሱ የወጣውን ተቀብተሽ ቤተ ክርስቲያን መግባት አይገባሽም» አለችኝ። በፋብሪካ የተሠራውን ልግዛ ስል ደግሞ «እርሱ ኬሚካል ነው፤ እግዚአብሔር የፈጠረው አይደለም» የሚሉኝ አሉ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ስለ ርኩሰት በተነሣው ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። በኦሪት ንጹሕና ርኩስ ተብለው የተለዩት እንስሳት በዋናነት የተለዩት ለመብል ነው። ግመል አይበላም፤ ዮሐንስ መጥምቅ ግን የግመል ጠጉር ለብሶ በምድረ በዳ ኖረ። አህያ አይበላም፤ ጌታችን ግን በአህያ ላይ ተቀምጦ ኢየሩሳሌም ገባ። በዘፀአት ምዕራፍ 30 እግዚአብሔር ለሙሴ ባዘዘው የዕጣን ቅመም ውስጥም በዛጎል ውስጥ የሚገኝ ሽቱ አለበት፤ ይህ ከባሕር ፍጥረት የሚገኝ ነው፣ ዛጎል ያለው የባሕር ፍጥረት ደግሞ በኦሪት አይበላም። በታቦቱ ፊት ከታጠነ፣ «ከማይበላ ፍጥረት የወጣ መዓዛ ሁሉ ያረክሳል» ማለት አይቻልም። እኅታችን የተናገረችው ለቤተ ክርስቲያን ካላት አክብሮት ነውና አትቀየሚያት፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት ከቅዳሴ እንዳትቀሪ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ያልጠየቅሽኝ ነገር ነው። ዝባድ እንዴት እንደሚወጣ ታውቂያለሽን? ጥርኝ በሌሊት ብቻውን የሚዞር የዱር እንስሳ ነው። በምርኮ ውስጥ እምብዛም ስለማይራባ ከጫካ በወጥመድ ይያዛል፤ ከዚያም መዞር እንኳ በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። በየጥቂት ቀናቱ ጅራቱና እግሮቹ ተይዘው ከመራቢያ አካሉ አጠገብ ያለው እጢ ይጨመቃል፤ ቅባቱም ተፍቆ ይወሰዳል። ቁስል አለው፣ በጭንቀት የሚሞትም አለ። ለዓለም ገበያ ዝባድ በማቅረብ ቀዳሚዋ አገር ኢትዮጵያ ስለሆነች፣ ይህ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም።

ሙስክ የተባለው ሌላው ከእንስሳ የሚገኝ የሽቱ ቅመም ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የሚገኘው በእስያ ተራሮችና ደኖች ከሚኖር ቀንድ ከሌለው ትንሽ አጋዘን ነው። እጢው ያለው በወንዱ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ከአንዱ የሚወጣው 25 ግራም ያህል ነው። አዳኞች የሚዘረጉት ወጥመድ ግን ወንድና ሴት፣ ትልቅና ግልገል አይለይም። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ግራም ከሚታረዱት 40 ያህል ወንዶች ሌላ፣ ምንም ሽቱ የሌላቸው እንስሳት በከንቱ ያልቃሉ።

መጽሐፍ «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል (ምሳ. 12፥10)። የሚያበራየውን በሬ አፍ አትሰር፣ ጫጩቶችን ስትወስድ እናቲቱን ልቀቅ ብሎ ያዘዘ አምላክ፣ በጎጆ ውስጥ የታሰረውን ጥርኝ አያይም ብዬ አላምንም። «ምድርን ግዟት ተብለን የለምን?» የሚሉ አሉ። ተብለናል። ነገር ግን ዘፍጥረት ምዕራፍ 1ን ልብ ብለሽ አንብቢ፤ ግዛቱ በተሰጠበት በዚያው ስፍራ ለሰው የተሰጠው ምግብ የእህልና የዛፍ ፍሬ ነበር። ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ነው። እንግዲህ ግዛት ማለት ማሠቃየት ቢሆን ኖሮ፣ አዳም በገነት ምን ገዛ ልንል ነው? ሥጋ መብላትና ቆዳ መልበስ ለሰው ኑሮ የተፈቀደ ነው። ሽቱ ግን ጌጥ ነው። ለጌጥ ሲባል፣ ያውም ሌላ አማራጭ እያለ፣ ሕያው ፍጥረትን ማሠቃየት ምን ምክንያት ሊቀርብለት እንደሚችል አላውቅም።

ምናልባት ሐዋርያው ጳውሎስ በገበያ የሚሸጠውን ሳትመራመሩ ብሉ ማለቱን ታነሺ ይሆናል (1ኛ ቆሮ. 10)። እርሱ የተናገረው ስለ ጣዖት መሥዋዕት ነው፤ ጣዖት ምንም ስላልሆነ ሥጋውን አያረክሰውም። የጥርኙ ሕመም ግን እውነተኛ ነው። ደግሞም ጳውሎስ ራሱ፣ የሚነግርህ ሰው ካለ ተወው ይላል። አንቺ አሁን ተነግሮሻል።

ኬሚካል ስለሚባለው አትፍሪ። የመገናኛውን ድንኳን ዕቃ የሠራውን ባለ እጅ ባስልኤልን በጥበብ መንፈስ የሞላው እግዚአብሔር ነው፤ የተቀደሰው ቅብዓት እንኳ በቀማሚ ብልሃት እንዲሠራ ታዝዟል። ሊዮፖልድ ሩዢችካ የተባለው ኬሚስት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 የዝባድና የሙስክን መዓዛ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች እንዴት እንደተገነቡ አወቀ፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ መደብር ውስጥ ሙስክ ተብለው የሚሸጡት ሽቶዎች አብዛኞቹ እንስሳ ያልነካቸው ናቸው። ይህ ዕውቀት ለእንስሳቱ ምሕረት ሆኖላቸዋል፤ እግዚአብሔርን የምናመሰግንበት ነው እንጂ የምንሸሸው አይደለም።

ይህን ስል በፋብሪካ የተሠራ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ሙስክ ዛይሊን የተባለው ሰው ሠራሽ ሙስክ በውኃና በዓሣ አካል ውስጥ ተከማችቶ ስለተገኘ የአውሮፓ ኅብረት ከልክሎታል። ከተክል የሚገኘውም ቢሆን ዐይን ተጨፍኖ አይወሰድም፤ ነጭ ሰንደል ከልክ በላይ ተቆርጧል፣ የዕጣን ዛፍም ያለ ዕረፍት ሲደማ ዘሩ እየመነመነ ይሄዳል። ከዓሣ ነባሪ ሆድ ወጥቶ በባሕር ዳር ተጥሎ የሚገኘውን አምበር ብቻ ለይቼ አየዋለሁ፤ ማንም ሳይገድል ያገኘው ሰው ፍጥረትን አልበደለም። የአንዳንድ አገሮች ሕግ ግን ይህንንም ስለሚከለክል፣ ሕጉን ማክበር ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ በአደራ እልሻለሁ፦ ዝባድ አውጥተው የሚያድሩትን ሰዎች አትኮንኚ። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ሌላ ነገር የላቸውም። ጎጆው እንዲሰፋ፣ አያያዙ እንዲሻሻል፣ ሌላ መተዳደሪያም እንዲያገኙ ማገዝ ሽቱውን የምንገዛው የእኛ ዕዳ ነው።

ስጦታውን በተመለከተ፣ በእጅሽ ያለውን ጣዪው አልልሽም፤ መጣሉ ለጥርኙ የሚመልስለት ነገር የለም። ልብሽ ከከበደው ግን አስቀምጪውና ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ባለቤትሽ በፍቅር የሰጠሽ ነውና ስትነግሪው የወቀሳ ቃል አይግባበት፤ ይህን መልስ አብራችሁ ብታነቡት ይበቃል። ወደፊት ስትገዢ ሻጩን ከምን እንደተሠራ ጠይቂው። ከእንስሳ ነው ካለሽ እንስሳው እንዴት እንደተያዘ ጠይቂ፤ መልስ ከሌለው በፋብሪካ የተሠራውን ወይም በአግባቡ ከተለማ ተክል የተገኘውን ውሰጂ።