ዘመድ ቤት ወይስ ዶርም?

ደብዳቤሽ ረጅም ነው። ለሌሎች አንባቢዎች ሲባል ባጭሩ ላስቀምጠው።

ጸሐፊዋ የድሬዳዋዋ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት። ድሬዳዋ ላይ በሎጂስቲክስ ዲግሪዋን ይዛለች። አሁን የሃንጋሪ መንግሥት በሚሰጠው የስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ስኮላርሺፕ ቡዳፔስት ማስተርሷን እንድትማር ተቀባይነት አግኝታለች። ስኮላርሺፑ ዶርም ይሰጣል። ዶርም የማይፈልግ ተማሪ ደግሞ በወር 40,000 ፎሪንት (የሃንጋሪ ገንዘብ ነው) የቤት ድጎማ ይቀበላል። አባቷ "ድጎማውን ውሰጂ" ብለዋል። የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ከባሏና ከሁለት ሕፃናቷ ጋር ቡዳፔስት ትኖራለች። "እኛ ጋ ትረፍ፤ ኪራይ አንጠይቃትም፤ ልጆቹን ብቻ ታግዘን" ብላለች። የሚተርፈው ብር ወደ ቤት ይላካል ነው ሐሳቡ።

አንቺ ግን የጠየቅሽኝ ስለ ሌላ ነው። ስለ ዘረኝነት፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ብቸኝነቱ፣ ማታ ብቻ ስለ መሄድ። ስለ ቤቱ የጻፍሽው መጨረሻ ላይ ነው፤ "እሱስ ደህና ነው፣ ቢያንስ የማውቀው ሰው ጋ ነኝ" ብለሽ አልፈሽዋል።

እህቴ፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ያለፍሽው ነው።

ሁለት ሕፃናት ያሉበት፣ ባልም ሚስትም የሚሠሩበት ቤት ምን እንደሚመስል አንቺም ታውቂዋለሽ። ጠዋት ማልበስ አለ። ከሰዓት ከመዋዕለ ሕፃናት ማምጣት አለ። ከዚያ እራት፣ ዕቃ ማጠብ፣ ማስተኛት። አንዱ ልጅ ካተኮሰው ደግሞ ከክፍል የምትቀሪው አንቺ ነሽ፤ እነሱ ሥራ አላቸው፣ አንቺ "ተማሪ ብቻ" ነሽ። ይሄ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ደሞዝ የለውም፣ ውል የለውም፣ የዕረፍት ቀን የለውም። ሴትየዋ ክፉ ናት አላልኩም። ምናልባት ደክሟት ነው፤ አገር ቤት ቢሆን እናቷ ወይም እህቷ ያግዟት ነበር። ግን የእሷን ድካም የምትሸከሚው አንቺ መሆን የለብሽም።

ነገሩ ድካም ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ስኮላርሺፑ የሚቀጥለው በየጊዜው የሚጠበቅብሽን ክሬዲት ስታሟዪ ነው። ካላሟላሽ ሊቋረጥ ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድሽ ደግሞ የሚሰጥሽ ተማሪ ስለሆንሽ ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ተከትሎ ይወድቃል። ያኔ ፈቃድ የሌለው ሰው ሆነሽ፣ በሰው ቤት፣ በሰው ልጆች መሃል ትቀሪያለሽ። ከዚያ ቤት መውጣት ብትፈልጊ ወዴት ትሄጃለሽ? ማን ጋ ትደውያለሽ? አባትሽ ጋ ብትደውዪ "ቻይው፣ እነሱን አታስቀይሚብኝ" ነው የሚሉሽ። ይህን የምለው አባትሽን አውቃቸው አይደለም። ቢሮዬ የመጡ ብዙ አባቶችን ስለማውቅ ነው።

ሌላም አለ። ለመኖሪያ ፈቃድ የምትኖሪበትን አድራሻ ማስመዝገብ ይኖርብሻል። ለዚህም የቤቱ ባለቤት መፈረም አለበት። ሰዎቹ ራሳቸው ተከራይ ከሆኑና አከራያቸው አልፈርምም ካለስ? ይህን የጠየቀ ሰው አለ? እስካሁን ማንም እንዳልጠየቀ ከደብዳቤሽ ይገባኛል።

እኔ ህንድ አገር ስማር ዩኒቨርሲቲው ሆስቴል ውስጥ ነበር የምኖረው። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ምግቡም አይጥምም፤ ግን ቁልፉ የኔ ነበር። አንዲት የአገሬ ልጅ ከከተማው ዳር ከአንድ የምናውቃቸው ቤተሰብ ጋር ተቀመጠች። "እንዳይጠፋብሽ" ብለው ፓስፖርቷን ወስደው ቁም ሣጥን ቆለፉበት። እሷም በክፋት አላየችውም፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ አደራ ተቀብለዋል። በፈተና ሰሞን ልውጣ ስትል ፓስፖርቱ አልሰጥ አለ። መጨረሻ ላይ ያስመለሰላት የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ነው። እስከዚያ ድረስ ለማንም አልተናገረችም፤ ይሉኝታ ይዟት። ፓስፖርትሽን ይዞብሽ የመቀመጥ መብት ያለው ግለሰብ የለም። ዘመድም፣ ደላላም፣ አሠሪም፣ አከራይም።

አሁን አባትሽን ላናግራቸው፤ ይህን ጽሑፍ አንብቢላቸው።

አባባ፣ ልጅዎን በሚያውቁት ሰው እጅ ማድረግ የፈለጉት ከፍቅር ነው። ይገባኛል። ግን ሂሳቡ ልክ አይደለም። በወር የሚሰጣት 43,700 ፎሪንት ነው። የቤት ድጎማው ሲደመር 83,700። ይህ በብር ሲመነዘር ትልቅ ደሞዝ ይመስላል። ቡዳፔስት ላይ ግን ከ200 ዩሮ ብዙም ያልዘለለ ነው፤ ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለስልክ እንኳ ማብቃቃት ይጠይቃል። የአውሮፕላን ቲኬቱንም ስኮላርሺፑ አይችልም። ሰጪዎቹ ራሳቸው ይህ ለኑሮ መደጎሚያ ነው እንጂ ሙሉ ወጪ አይሸፍንም ይላሉ። ከዚህ ላይ ላኪ ማለት አትብዪ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ምንም አይጠብቁባት። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ወራት እርስዎ መላክ ሊኖርብዎት ነው። ይህን ማድረግ ካልተቻለ አሁኑኑ በግልጽ ይነገራትና አውቃው ትሂድ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ዶርም ስትገቢ የራስሽ ቁልፍ ይኖርሻል፣ የተመዘገበ አድራሻ ይኖርሻል። ኮሪደሩ ላይ እንዳንቺ ግራ የገባቸው ከሌላ አገር የመጡ ልጆች ይኖራሉ። ለስኮላርሺፑ ተማሪዎች ደግሞ ነባር ተማሪዎች የሚያግዙበት የሜንተሮች ኔትወርክ አለ። ከመሄድሽ በፊት ጻፊላቸው። ከኤርፖርት እንዴት እንደምትደርሺ፣ ባንክ የት እንደምትከፍቺ ጠይቂ። የባንክ ሂሳቡ በስምሽ ይሁን፤ ካርዱም አንቺ ጋ ይቀመጥ። የፓስፖርትሽን፣ የቪዛሽንና የስኮላርሺፕ ደብዳቤሽን ፎቶ ኢሜይልሽ ላይ አስቀምጪ፣ ለእናትሽም ላኪላቸው።

አንድ ነገር ግን እዚሁ ሳለሽ ልትለማመጂው ይገባል። ድሬ ላይ በሙቀቱ ሰዉ ማታ ደጅ ነው። አንድ ሰው ኡኡ ካለ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ ማን እንደሆንሽ የሚጠይቅሽ ከረዳሽ በኋላ ነው። እዚያ በሩ ዝግ ነው። ጎረቤትሽ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ግን ካልጠየቅሽው አይገባብሽም። ስለዚህ እርዳታ የሚመጣው በአፍሽ ስትጠሪው ነው። አደጋ ከደረሰ 112 ትደውያለሽ፤ ፖሊስም፣ አምቡላንስም፣ እሳት አደጋም በዚሁ ቁጥር ይገኛሉ። ፖሊስ መጥራት እዚህ አገር እንደሚከብደን አውቃለሁ። እዚያ ጥሪ፣ አያሳፍርም።

ክፍል ውስጥም ያው ነው። እኛ "ትበያለሽ?" ስንባል አንዴ "ጠግቤያለሁ" እንላለን፣ ከዚያ እስኪለምኑን እንጠብቃለን። እዚያ ማንም ደግሞ አይለምንሽም፤ አልፈልግም ካልሽ አልፈለግሽም ነው። መምህሩ "ጥያቄ አለ?" ሲል ዝም ካልሽ የገባሽ ይመስለዋል። በመጀመሪያው ሳምንት እጅሽን አውጪ። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም አውጪ። ስሜቱ ከከበደሽ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምክር ይሰጥ እንደሆነ የውጭ ተማሪዎችን ቢሮ ጠይቂ። እናትሽን ላለማስጨነቅ ብለሽ "ደህና ነኝ" እያልሽ አትቅሪ፤ ለአንድ ሰው እንኳ እውነቱን ንገሪ።

ስለ ቀሩት ፍርሃቶችሽ። ዘረኝነት ያጋጥምሻል፣ አልዋሽሽም። ብዙ ጊዜ አፍጥጦ ማየት ነው፣ አንዳንዴ ስድብ ነው። ሰካራም ከሆነ አትመልሺ፣ ራቂ። ዛቻ ወይም መንካት ከሆነ ሪፖርት አድርጊ። ማታ ሰው ባለበት መንገድ ሂጂ፤ 6 ቁጥር ትራም ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ መስመሩን ቀድመሽ አጥኚው። ብርዱ ደግሞ፣ አቦ፣ ከድሬ ለሄደ ቀላል አይደለም። ጥር ላይ ዜሮ አካባቢ ይወርዳል፣ ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይጨልማል። ካፖርት ከዚህ ገዝተሽ አትሂጂ፤ የዚህ አይመክተውም፣ እዚያ ሰልቫጅ ገበያ አለ።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ልጨምር። ልትሄጂ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሰው ሁሉ ፌስታል ይዞ ይመጣል። "ይቺን ለልጄ አድርሺልኝ" ይባላል። የሌላ ሰው ዕቃ አትያዢ። ፈትተሽ ያላየሽውን በፍጹም አትያዢ። እኛ አካባቢ ጫት ማለት እንግዳ መቀበያ ነው፤ ጀርመን ግን ክልክል ነው፣ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች። ደርቆ እንደ ሻይ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት ሻንጣሽ ውስጥ ቢገኝ "የጎረቤቴ ነው" ማለት አያድንሽም። የእናትሽ ቅቤና ቋንጣም ይቅር። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በመንገደኛ ሻንጣ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገባም። በርበሬና ሽሮ ያዢ።

ደብዳቤሽ ላይ ስላነሳሽው፣ እዚሁ ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ ስላገኘሽው የሥራ ዕድል ደግሞ፦ ሂጂና ተምረሽ ነይ ነው የምለው። ቀጠናው የተከፈተው በ2014 ዓ.ም. ነው፤ ደረቅ ወደቡና የጅቡቲው ባቡርም አሉ። ሎጂስቲክስ በደንብ የሚያውቅ ሰው ድሬ ላይ ሥራ አያጣም። እኔም ተምሬ ተመልሼ የምሠራው እዚሁ ነው፤ አልቆጨኝም።

የመኖሪያ ምርጫ ቅጹ ላይ ዶርም የሚለውን ሙዪ። ለሴትየዋ ራስሽ ደውይላት፤ "አመሰግናለሁ፣ ዶርም ተሰጥቶኛል፣ እሁድ እሁድ ቡና እመጣለሁ" በያት። አባትሽ ከተቆጡ ሐሙስ ከሰዓት ከዚራ ያለው ቢሮዬ ድረስ ይዘሻቸው ነይ። እኔ እነግራቸዋለሁ።