ሰው እየሞተ እንዴት ይጨፈራል?

ጥያቄ፦ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤት ክበባቸው «ሳራፊና» የሚባል ፊልም አሳይቷቸው መጣች፤ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ዘፈን በዘፈን ሆኗል። ግማሹን አብሬያት አየሁት። ወታደር ይተኩሳል፣ ልጆቹ ይጨፍራሉ። አቦ፣ ሰው እየሞተ ምን የሚሉት ጭፈራ ነው? ታሪኩስ እውነት ነው? የአሥር ዓመት ወንድሟም ካላየሁ ብሎ አስቸግሮናል።
አባት፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን

መልስ፦ ጋሼ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ሳራፊና የደቡብ አፍሪካዊው የምቦንጌኒ ንጌማ ፈጠራ ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 ቲያትር ሆና ወጣች፣ በ1992 ደግሞ ፊልም። በሁለቱም ላይ የተጫወተቻት ሌለቲ ኩማሎ ናት።

መነሻው ግን እውነት ነው። ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ የጥቁሮች ሰፈር የሆነችው የሶዌቶ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ጠቡ በቋንቋ ነው። የአፓርታይድ፣ ማለትም ጥቁሩን ከነጩ የሚለየው የነጮች አገዛዝ፣ መንግሥት ሒሳብን የመሰለ ትምህርት በአፍሪካንስ ካልተማራችሁ አለ፤ ብዙዎቹ አስተማሪዎች እንኳ በወጉ በማይችሉት፣ በገዢዎቹ ቋንቋ። ይሄ ለድሬ ልጅ ቶሎ ይገባዋል። መጋላ ገብተን በኦሮምኛ ሰላም ብለን፣ በሶማሊኛ ዋጋ ተከራክረን፣ በአማርኛ «ተወው በቃ» ብለን ስንወጣ ማንም አላስገደደንም። ያንኑ በዱላ ቢያደርጉት አፋችን ይተሳሰር ነበር። ፖሊስ ተኮሰ። ከሞቱት አንዱ የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን ነው፤ አንድ ልጅ ታቅፎት ሲሮጥ፣ እህቱ ከጎን እያለቀሰች፣ ሳም ንዚማ ያነሳው ፎቶ ዓለምን ዞረ። ልጅዎ ትምህርት ቤት የምታከብረው የአፍሪካ ሕፃናት ቀን የዚያ ቀን መታሰቢያ ነው።

አሁን ወደ ጭፈራው። ጋሼ፣ እኛስ ለቅሶ ላይ በዜማ አይደል እንዴ የምናለቅሰው? ሙሾ አውራጇ ግጥሙን ስትደረድር ድምጿ ያምራል፣ ደረት ይመታል፣ እግርም ዝም አይልም። ታዲያ «እዚያ ቤት ደስታ አለ» የሚል አለ? ለእነሱም እንደዚያ ነው። ስብሰባ ሲከለከል ሕዝቡ በብዛት መገናኘት የቻለው ቀብር ላይ ነበርና፣ ያው ቀብሩ ሰልፍም ስብሰባም ሆነ፣ ዘፈኑ ደግሞ መፈክሩ። መሣሪያ የሌለው ሰው ድምፁን ይዞ ነው የሚወጣው።

በነገራችን ላይ የሳራፊና እናት ሆና የምትሠራው ደቡብ አፍሪካዊቷ ዘፋኝ ሚርያም ማኬባ ናት። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት መጥታ ዘፍናለች። አገሯ ከልክሏት 30 ዓመት ገደማ በስደት የኖረች ሴት ናት፤ ፊልሙ ላይ የነጮች ቤት ሠራተኛ ሆና ስትታይ እኔን ሆዴን ያባባኛል።

ለትንሹ ልጅ ግን አላሳየውም ነበር። እስር ቤት ውስጥ ማሰቃየት አለ። ተማሪዎቹ አንድ ጥቁር ፖሊስ በቁጣ ሲያቃጥሉም ይታያል። ዘፈኑን ከእህቱ ይማር፣ ይበቃዋል።

ከትልቋ ጋር ግን የቀረውን ግማሽ ይዩት። የፖሊሱ ነገር ላይ ሲደርሱ ያቁሙትና «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ይበሏት። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው ለራሴ መልስ አላገኘሁለትም፤ እሷ ካገኘች ጻፉልኝ።