ከሜግናድ ሳሃ ቀመር ጀምሩ

ውድ ልጆቼ፣

ወደ አስትሮፊዚክስ፣ ማለትም ወደ ከዋክብት ፊዚክስ፣ የሚያዘነብል ልብ ያላችሁ ሁሉ፣ ከህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ከሜግናድ ሳሃ ሥራ እንድትጀምሩ እመክራችኋለሁ። ሳሃ እ.ኤ.አ. በ1893 በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ዳካ አቅራቢያ በምትገኝ መንደር ከባለሱቅ ቤተሰብ ተወለደ። በ1905 የእንግሊዙን ገዥ ጉብኝት በመቃወሙ ከትምህርት ቤት ተባረረ፤ ትምህርቱን ግን አልተወም።

በዘመኑ ሊቃውንትን ግራ ያጋባ ነገር ነበር። ክሮሞስፌር በሚባለው የፀሐይ ንብርብር፣ እጅግ ከፍ ብሎ፣ ኤሌክትሮን ያጣ ካልሲየም ደምቆ ይታያል። ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀቱ ይቀንሳል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ኤሌክትሮኑን ምን ነጠቀው? የጀርመኑ ኬሚስት ኤገርት ኤሌክትሮን ከአቶም መነጠሉን እንደ ኬሚካላዊ ለውጥ ቆጥሮ አስልቶ ነበር፤ ለዚያ የሚፈጀውን ጉልበት ግን የገመተው እንጂ የተለካ አልነበረም። ጀርመንኛ ያነብ የነበረው ሳሃ ጉድለቱን አየ። በቤተ ሙከራ የተለካውን ቁጥር አስገባና ውጤቱን በ1920 አሳተመ። መልሱ ግፊት ነው፦ አየሩ ሲሳሳ የተነጠለ ኤሌክትሮን መልሶ የሚይዘው አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ያጣ አቶም፣ በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ ኬሚስትሪንና ቴርሞዳይናሚክስን የሌላ ሰው ትምህርት አድርጋችሁ አትለፏቸው።

በተወሰነ ሙቀትና ግፊት ከአቶሞቹ ስንቱ ኤሌክትሮን እንዳጡ የሚነግረውን የሳሃን ቀመር በእጃችሁ አስሉት። ለፀሐይ ገጽ ሙቀቱን 5777 ኬልቪን፣ የኤሌክትሮን ግፊቱን 1.5 ፓስካል አድርጉ። ኤሌክትሮን ለመንጠቅ ካልሲየም 6.11፣ ሃይድሮጅን 13.6 ኤሌክትሮንቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) ይፈልጋል። ሙቀትን ወደ ጉልበት የሚለውጠውን የቦልትዝማንን ቋሚ በዚሁ መለኪያ፣ በኬልቪን 0.00008617 ኤሌክትሮንቮልት ብላችሁ ያዙ፤ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሌላውን የጉልበት መለኪያ፣ ጁልን፣ ከኤሌክትሮንቮልት ጋር ሲደባልቅ ነው። ለካልሲየም የፓርቲሽን ፈንክሽኑን (አቶሙ ሊይዛቸው የሚችላቸውን የጉልበት ደረጃዎች የሚደምረውን ቁጥር)፣ ኤሌክትሮኑን ላላጣው ገለልተኛ አቶም 1.32፣ ለአዮኑ 2.30፣ አትርሱ። በትክክል ከሠራችሁ ለአንድ ገለልተኛ ካልሲየም 900 ያህል አዮን ታገኛላችሁ፤ ከሃይድሮጅን ግን ኤሌክትሮኑን ያጣው ከ13,000 አንድ ብቻ ነው። የኤሌክትሮን ግፊቱን በአሥር ብታካፍሉት ለአንድ ገለልተኛ አቶም የሚደርሰው የአዮን ቁጥር አሥር እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የፀሐይ ብርሃን በቀለሞቹ ሲበተን እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚተወው ጥቁር መስመር ይታያል፤ የካልሲየም መስመር ከሃይድሮጅን ይጎላል፤ ለእያንዳንዱ ካልሲየም ግን ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሃይድሮጅን አለ። ጉላቱ በሙቀትና በግፊት ጭምር ይወሰናልና፣ የመስመርን ጉላት የብዛት ምስክር አድርጎ መውሰድ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። የሥነ ፈለክ ሊቋ ሴሲሊያ ፔይን በ1925 በዚሁ ቀመር ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም እንደሆኑ የሚያሳይ ስሌት አቀረበች።

ቀጥላችሁ ሩቢዲየም የተባለውን ብረት በ4.18 ኤሌክትሮንቮልት፣ መጀመሪያ በ5777 ከዚያ በ4000 ኬልቪን አስሉ። ሳሃ ቀዝቀዝ ባሉት የፀሐይ ጥቁር ነጠብጣቦች ውስጥ ይታያል ብሎ የተነበየው ይህንኑ ንጥረ ነገር ነበር፤ አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስልም እዚያው አገኘው።