ስለ ሱፐርማርኬት ለጠየቅሽው፦ ዋጋውንም ቀኑንም እያየሽ

እህቴ፣ ሰላም። «ጎንደር ከመጣሁ ወዲህ ሱፐርማርኬት በገባሁ ቁጥር ተበሳጭቼ ነው የምወጣው። መደርደሪያ ላይ ያየሁት ዋጋ ካሸር ጋ ስደርስ ይለወጣል፣ ለመልስ ማስቲካ ይሰጡኛል፤ እኔ ነኝ የማካብደው ወይስ እናንተም እንዲሁ ናችሁ?» ላልሽው ነው። አላካበድሽም። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር መኖር ከጀመርን 11 ዓመታችን ነው፤ የቤቱን አስቤዛ የምገዛው እኔ ነኝ፤ ያልሽው ሁሉ ደርሶብኛል።

የማስቲካው ነገር በቴሌብር ስትከፍይ ይቀራል፤ ሒሳቡ እስከ ሳንቲሙ ነው የሚቆረጠው። ኔትወርክ የጠፋ ቀን እንዳትቸገሪ ግን ባለ 5 እና ባለ 10 ብር ከቦርሳሽ አይጥፋ። በር ላይ ቦርሳ አስቀምጪ ሲሉሽም ብርሽንና ስልክሽን አውጥተሽ ስጫቸው፤ ጥበቃዎቹ የታዘዙትን ነው የሚሠሩት፣ ከእነሱ ጋር አልጣላም።

ዋጋው ላይ ግን ዝም አልልም። ባለፈው ዓመት የጥምቀት ሰሞን ቤታችን በእንግዳ ሞልቶ ነበር። የሱፐርማርኬቱ ሰልፍ በሩ ድረስ ደርሷል። መደርደሪያው ላይ 240 ብር የሚል ወረቀት ያለበትን የዱቄት ሳሙና ካሸሯ 285 ብላ መታችው። ስጠይቃት «የኔ እናት፣ ዋጋው ጨምሯል፤ ወረቀቱ ሳይነሳ ቀርቶ ነው» አለችኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ «ለ45 ብር ነው ይህን ሁሉ ሰው የምታስቆሚው?» ሲለኝ አፍሬ ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ደረሰኙን ሳየው እንዲህ የሆነው ሳሙናው ብቻ አልነበረም፤ የሦስት ዕቃ ዋጋ ተለውጧል፣ ልዩነቱ ሲደመር 112 ብር። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት፤ ያቺን ብር ለልጆቹ ደብተር እገዛባት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወደድ ያለ ዕቃ ሳነሳ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። ካሸሯ ከመምታቷ በፊት «እህቴ፣ እዚያ የተለጠፈው ይኼ ነው» ብዬ አሳያታለሁ። አብዛኞቹ «እሽ» ብለው ያስተካክላሉ፤ እምቢ ካሉ ዕቃውን እዚያው ትቼው እሄዳለሁ። ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ መለጠፍ እንዳለበት የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያዛል፤ ስለዚህ እየለመንሽ እንዳይመስልሽ። የተለጠፈው ዋጋ 15 በመቶውን ቫት ይጨምር አይጨምር ቀድመሽ ጠይቂ። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ካሉሽ በደረሰኝ በይ፤ ያለ እሱ ዕቃ ልመልስ ብትዪ የሚሰማሽ የለም። የማሽኑ ወረቀት በጥቂት ወር ውስጥ ይደበዝዛልና እሱንም ፎቶ አንሺው።

ካነሳሽው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ያላነሳሽው ነው፦ የሚያበቃበት ቀን። የውጭ ዕቃ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፍበት፣ ከአገር ውስጡ ደግሞ አንዳንዱ በእኛ። «2018» የሚል የአገር ውስጥ ብስኩት ብታገኚ ዘንድሮ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ የመጣ የዱቄት ወተት ላይ ያው ቁጥር ካለ ግን በእኛ 2010 ወይም 2011 ነው፣ ካለፈ ስንት ዓመቱ! «05/18» ብቻ ተጽፎ ከሆነማ ጥር ይሁን የፈረንጆቹ ሜይ መለየት ያስቸግራል። «ዓ.ም.» የሚል ካላየሁ ወይም የተመረተበት ቀን ጎን ለጎን ከሌለ አልገዛም፣ በተለይ የልጅ ምግብ ከሆነ።

በተለይ ደግሞ የፋሲካ ዋዜማ ተጠንቀቂ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እርጎና አይብ የሚገዛው ጥቂት ሰው ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ፍሪጁ ውስጥ የቆየው ዕቃ ቅዳሜ ማታ ከፊት ይደረደራል። አንድ ዓመት የገዛሁትን እርጎ ፋሲካ ጠዋት ልከፍት ስል ክዳኑ እንደ ፊኛ ተነፍቶ አገኘሁት። ቀኑ አላለፈም ነበር፤ የተበላሸው መብራት ሲጠፋ ሞቆ ነው። ስለዚህ ስትገዢ ክዳኑን በጣትሽ ጫን አድርገሽ እዪ። የታሸገ ቅቤም አንዱ ጥግ ላይ ተጠራቅሞ ከረጋ ቀልጦ እንደነበር እወቂ፣ መልሺው። እኔ ቅቤውን ቅዳሜ ገበያ አሽትቼና ቀምሼ ነው የምገዛው፣ አይቡንም እዚያው፤ ከሱፐርማርኬት የምወስደው ፓስታ፣ ሳሙና፣ የልጆች ዳይፐርና የመሳሰለውን ብቻ ነው።

ያስቸገሩኝን ቤቶች ስም እዚህ አልጽፍም። ዋጋቸውን በትክክል የሚለጥፉ፣ ስትመልሺም ፊት የማይነሱ ሁለት ቤቶች ግን አውቃለሁ፤ አንዱ ፒያሳ ነው፣ አንዱ እዚሁ ማራኪ። በውስጥ ጻፊልኝና አሳይሻለሁ።