«ጠቆርሽ እኮ!» ዘረኝነት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በቅርቡ እህቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ገና በር ላይ ልጄን ስማ ሳትጨርስ «ውይ፣ ምነው ጠቆርሽሳ! ድሮ እኮ ቀይ ነበርሽ» አለቻት። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ የተወለደችውም እዚሁ ነው። «አክስቴ ዘረኛ ናት» ብላ ክፍሏን ዘጋች። እህቴ ደግሞ ምን እንዳጠፋች ጨርሶ አልገባትም። የቷ ናት ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንዷ የተናገረችውና ሌላዋ የሰማችው ለየቅል ነው።

በአማርኛ «ጠቆርሽ» ስለ ዘር አያወራም። ፀሐይ የመታው፣ የታመመ፣ ሐዘን ላይ የከረመ ሰው ጠቆረ ይባላል፤ የተመቸው ደግሞ ቀላ። «ከሳሽ፣ ጠቆርሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?» የሚል ዘመድ አሳስበሽው ነው። ልጅሽ ባደገችበት አገር ግን ጥቁርነት የትውልድ ሐረግ ነው፤ ከአንድ እናት የወጡ አንዷ ቀይ አንዷ ጠይም እህትማማቾች እዚያ ሁለቱም ብላክ ናቸው። ስለዚህ እሷ የሰማችው «ወደ ራስሽ ወገን ቀረብሽና አስቀየምሽ» የሚል ነው።

ደግሞ ልጅቷ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። «ጥቁር ናት ግን ቆንጆ ናት» ስንል ያቺ «ግን» ምን ትሠራለች? «ቀይ ናት ግን ቆንጆ ናት» ያለ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ «ባሪያ» እና «ሻንቅላ» ግን ዛሬም ጠቆር ያለ ሰው መስደቢያ ናቸው። ይሄን ከአሜሪካ አልተዋስነውም፣ የራሳችን ነው።

«ዘንድሮ ምኑም አይነገር» ለሚሉ ደግሞ፣ ቃል ሁሌም ደረጃው ሲወጣና ሲወርድ ነው የኖረው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተኑ ንግግሩ ስለ ወገኖቹ ሲያወራ «ኔግሮ» ነበር የሚለው፤ ዛሬ ሥራ ቦታ ብትይው ጉድ ይፈላል። በእኛም «ፈላሻ» በመጻሕፍት ሳይቀር ይጻፍ ነበር፤ አሁን ባለቤቶቹ የሚፈልጉት ቤተ እስራኤል መባልን ነው።

ይህ ማለት ግን «ጥቁር» የሚለውን ቃል እንሽሸው ማለት አይደለም። የ1888ቱን የዓድዋ ድል የጥቁር ሕዝብ ድል ብለን በኩራት የምንጠራ ሰዎች ነን። ችግሩ ቃሉ ሰላምታ ውስጥ ገብቶ የጉስቁልና ምልክት ሲሆን ነው።

ለእህትሽ የሰው ቆዳ ሰላምታ ውስጥ አይገባም በያት። ናፍቆቷን መግለጫ አታጣም፦ «አደግሽልኝ!»፣ «ቁርጥ እናትሽን!»፣ አሳስባት ከሆነም «ደከመሽ እንዴ የኔ ልጅ?»። ለልጅሽ ደግሞ አክስቷ ምን ማለቷ እንደነበር ንገሪያት፣ ስለ ያቺ «ግን»ም ጭምር።

«ወፈርሽ» ስለሚለው ግን አልጠየቅሽኝም፤ ትንሽ ቀናት ታገሽ፣ እሱም መምጣቱ አይቀርም።